የአባባ አምበን ዝምታ

ጁላይ 1

ዛሬም ስብሰባ። የተመልካች ቁጥራችን እንደገና ወርዷል። በእኛ ሰዓት በሌላው ጣቢያ የሚታየው የመንትዮቹ ድራማ እየበላን ነው። አለቃዬ ካርላ ግራፉን ግድግዳው ላይ አብርታ ቀዩን መስመር በብዕሯ ጫፍ ተከትላ ወረደች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አቴ ኔሪ፣ እንደምወድሽ ታውቂያለሽ። ግን አንድ ጥፊ ስጪኝ።»

«ለማን?»

«ለማንም! ልጅቷ ታጩለው፣ ልጁ ያጩላት፣ ሽማግሌው ጀልባውን ያጩለው። ሰው ከሥራ ደክሞ ገብቶ ወንዝ ሲፈስ ማየት አይፈልግም።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ «እኔ በምጽፈው ድራማ ማንም ማንንም አይመታም» አልኩ። ካሰብኩት በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። አብረውኝ የሚጽፉት ልጆች ጠረጴዛውን ማየት ጀመሩ።

እዚህ ቤት ከጥበቃው እስከ አለቃዬ ድረስ ሁሉም «አቴ» ይለኛል፤ ታላቅ እህት። የሚያዙት ግን ታናናሾቼ ናቸው።

«ማዶ» የተባለውን ይህን ድራማ ለዓመታት ይዤ ስዞር ኖሬያለሁ። ወንዝ ዳር ባለችው ማላቦን ውስጥ ሰው በጀልባ የሚያሻግር ሽማግሌ፣ አባባ አምበን፣ የልጅ ልጁን ሉዝን ብቻውን ያሳድጋል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። «ሀብታሙ ቤተሰብ የታለ?» እያሉ ሲመልሱብኝ ኖሩ። አሁን በሳምንት አምስት ምሽት ይታያል፤ አምበንን የሚጫወተውም ኩያ ሩፊኖ ነው፤ እኔም እሱን ኩያ፣ ታላቅ ወንድም፣ እላለሁ። እሱ ባይኖር ኖሮ ካርላ እውነቷን ነው፤ ወንዝ ብቻ ነበር የሚሆነው።

ራት ቆሜ በላሁ። ዝናቡ አላባራም።

ጁላይ 6

ማላቦን፣ ቀረጻ ላይ። ወንዙ ሞልቷል።

ኩያ ሩፊኖ ዛሬ አንድ ንግግር ላይ ምላሱ ተያዘ። ሉዝ ወደ ከተማ ልትሄድ ስትነሳ «የመሄጃውን ሌላ ሰው ይቀዝፍልሽ፤ የመመለሻውን እኔ አለሁ» ይላታል። «የመሄጃውን» ብሎ ቆመ። እንደገና ሞከሩ። «የመሄጃውን» ብሎ ቆመ። «ዛሬ ምላሴ አልነቃም» ብሎ ሲስቅ ሁላችንም ሳቅን። በመጨረሻ ምንም አልተናገረም። መቅዘፊያውን ይዞ ልጅቷን አያት፣ ውሃውን አየው፣ ከዚያ እጁን ዘርግቶ ቦርሳዋን ተቀበላት።

ዳይሬክተራችን ማርሎን ዞሮ አየኝ።

«እንዲህ ነው የፈለግሁት» አልኩት ቶሎ ብዬ። «ንግግሩን አውጥቼዋለሁ። አዲሱ ወረቀት አልደረሳችሁም እንዴ?»

ለምን እንደዋሸሁ እንጃ። ሰው አንዳንድ ቀን ይደክመዋል። ሰባን አልፏል፤ ወበቁም አያስተነፍስም።

ጁላይ 9

የመጪውን ሳምንት ስክሪፕት አስተካከልኩ። የአምበንን ንግግር ቀነስኩ፣ ረዘም ያለውን ለሉዝ ሰጠሁ። ጀልባ ቀዛፊ ድሮስ መች ያወራል? እስካሁን ያስለፈለፍኩት እኔ ነኝ ያጠፋሁት።

ጁላይ 13

ጋዜጣው ስለ እኛ ጽፏል። «በጩኸት በተሞላው የምሽት ቴሌቪዥን አንድ ደፋር ዝምታ» ይላል። ቆርጬ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት። ለማን እንደማሳየው እንጃ። ለልጄ ፎቶ አንስቼ ሲንጋፖር ላክሁለት። አውራ ጣት መለሰልኝ።

ካርላም አይታዋለች። «ዝምታው ጥሩ ነው አሉ» አለችኝ ሊፍት ውስጥ። «ሻምፑ ግን በዝምታ አይሸጥም፣ አቴ።»

ጁላይ 17

ትኩስ የሩዝ ገንፎ በዶሮና በዝንጅብል ሠርቼ ኩያ ሩፊኖ ቤት ሄድኩ። ዝናብ ላይ ቆሞ አትክልት ያጠጣ ነበር። «ምን እያደረግህ ነው?» ስለው «ዝናቡን አላምነውም» አለኝ። ቀልድ መሰለኝ። ቀልድ ነው አልኩ።

ልጁ ሎርና ሩዝ ልትጨምር የሩዙን ቆርቆሮ ከፈተች። እጇን አስገብታ የቤቱን ቁልፍ ከሩዙ መሃል አወጣች። አልደነገጠችም። ሽርጧ ላይ ጠርጋ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጋ ነገረችኝ። ሐኪሙ ያወቀው በማርች ነው። የበሽታውን ስም አልጽፈውም፤ መርሳት ነው።

«ጣቢያው ካወቀ በማግስቱ ያስወጡታል» አለች። «አክስቴ ኔሪ፣ ቀረጻ በሌለበት ቀን ከአልጋ መነሳት አይፈልግም። ቀረጻ ካለ ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ፣ ጫማውን ቦርሾ በር ላይ ነው የሚጠብቀኝ። እባክሽ፣ ይህን አታስወስጂበት።»

«እኔ እያለሁ ማንም አይነካውም» አልኳት።

ሲሸኘኝ ጃንጥላውን ለእኔ ይዞ እሱ ረጠበ። ድሮም እንዲሁ ነው። ኮራ በሕይወት እያለች ከቲያትር ቤት ስንወጣ እሷ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል፣ እሱ መሃላችን እየረጠበ። ሚስቱን እንደዚያ የሚወድ ሰው ሌላ አላየሁም። ቅናት አይደለም፤ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ጁላይ 21

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው ይህን የምጽፈው።

ዝናቡ ሳያባራ ነው የቀረጽነው። ሉዝን የምትጫወተው ሻይና ከጀልባው ስትወርድ ኩያ ሩፊኖ ክንዷን ያዝ አደረጋት። «ኮራ፣ ደግሞ ጃንጥላሽን ጥለሽ ወጣሽ? ያምሻል እኮ።» ድምፁ የአምበን አልነበረም። የሃያ ዓመት፣ የሠላሳ ዓመት በፊት ድምፁ ነበር።

ልጅቷ ትባረክ፤ አልሳቀችም፣ ወደ ካሜራውም አልዞረችም። «ረሳሁት» አለችው ቀስ ብላ። ሸሚዙን አውልቆ ራሷ ላይ ጣለላት፤ «ነይ፣ ግቢ» አላት። ካሜራው እየሠራ ነው።

ማርሎን ወደ እኔ መጣ። «ይሄ ስክሪፕቱ ላይ የለም።»

«አለ።»

«አቴ፣ የለም። ሰውዬው ምን ሆኖ ነው?»

«አዲስ መስመር ነው። አባባ አምበን መርሳት ሊጀምር ነው፤ የልጅ ልጁ ሟች ሚስቱን ትመስለዋለች። ለኩያ ብቻ ነው የነገርኩት። ሻይና የምሯን እንድትደነግጥ ብዬ።» እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ አንዱን ስጨርስ ሌላው ይከተላል። «ስሟን ብቻ ተሳስቷል። የአምበን ሚስት ኢሲንግ ናት። በድምፅ ቅንብሩ ላይ ቀይሩት።»

ማርሎን ብዕሩን አወጣ። ከዚያ «ኢሲንግ» ብሎ ወረቀቱ ላይ ጻፈ።

አዳንኩት። ዛሬን አዳንኩት።

ጁላይ 23

መንትዮቹን በለጥናቸው።

ካርላ ኮሪደሩ ላይ በሰው ፊት አቀፈችኝ። «አንቺ ተንኮለኛ! ይህን በጉያሽ ይዘሽ ነው ጥፊ አልሰጥም ስትዪን የከረምሽው?»

ስመለስ ጂፕኒ ታክሲ ውስጥ ሁለት ሴቶች ስለ እኛ ያወራሉ። አንዷ ሆስፒታል የምትሠራ ትመስላለች፤ ነጭ ጫማ አድርጋለች። «ሰውዬው እኮ የሚተውን አይመስልም» አለች። ጓደኛዋ «አርጅቶ ነው» አለቻት። «አይ» አለች ባለ ነጭ ጫማዋ። ከመውረጃዬ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።

ጁላይ 29

በዚህ ሳምንት ብዙ ጻፍኩ። አምበን ቁልፉን ሩዙ ውስጥ ይደብቃል። አምበን ዝናብ ላይ ቆሞ አትክልት ያጠጣል፤ ሉዝ ስትጠይቀው «ዝናቡን አላምነውም» ይላታል። ልጆቹ አነበቡት። አንዱ «አቴ፣ ከየት ነው የምታመጪው?» አለኝ። ሳቅሁ።

ሳስበው ለእሱም ይሻላል። አምበን የሚረሳ ሰው ከሆነ ኩያ ቢረሳ ማን ያውቅበታል? የፈለገው ቦታ ላይ ቢቆም፣ የፈለገውን ቢናገር ትወና ነው። ቤት ሠራሁለት ማለት ነው፤ እንዳሻው የሚሆንበት።

ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ በሕይወቴ እንዲህ ጥሩ ጽፌ አላውቅም።

ኦገስት 5

ስፖንሰር መጣ። ለአረጋውያን የሚሸጥ የዱቄት ወተት ነው። ሦስት ወጣቶች፣ አንድ ዓይነት ሸሚዝ። ሐሳባቸው ይኸው፦ አምበን ማንንም ወደማያውቅበት ደረጃ ይደርሳል፤ ሉዝ ጠዋት ጠዋት ወተቱን ታጠጣዋለች፤ አንድ ቀን ብርጭቆውን አስቀምጦ በስሟ ይጠራታል። ሙዚቃ። የወተቱ ቆርቆሮ መስኮቱ ላይ፣ ፀሐይ እየመታው።

«ወተት ማንንም አይመልስም» አልኩ።

«እኛ ይመልሳል አላልንም» አለ አንደኛው። «ይጠጣል፣ ከዚያ ያውቃታል። ሁለት የተለያየ ነገር ነው።»

«የሚያየው ሰው አባቱ ቤት የተኛበት ነው። ነገ ጠዋት ሄዶ ይህን ወተት ይገዛል። ከዚያስ? ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ስሙን እንዲጠራው ይጠብቃል?»

ካርላ ወደ ውጭ አወጣችኝ። «አቴ፣ ድራማ እኮ ነው። ካልጻፍሽው ሌላ ሰው ይጽፈዋል፤ ያንቺን ያህል ደግሞ አይጠነቀቅለትም።»

«ስሜ ያለበት ላይ አይገባም።»

«እስቲ አስቢበት» አለችኝ። የምታስፈራኝ ደግ ስትሆን ነው።

ኦገስት 10

ኩያ ጠዋት ደወለ። «ስክሪፕቱን ይዘሽ ነይ» አለኝ፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ስደርስ ተላጭቶ፣ መነጽሩን አድርጎ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ወረቀቱን ገለጠልኝ።

«ይሄ ቁልፍ የእኔ ነው፤ አይደል?»

ወረቀቱን ወደ እኔ ሳብኩት።

«ሎርና ነገረችሽ። ቁልፉን ራስሽ አየሽው። ከዚያ ወስደሽ ጻፍሽው።»

«ኩያ፣ ላንተ ብዬ...»

«ሩዙን ቀንሺው» አለኝ። «ያ ሁሉ ሩዝ ደሃ ቤት የለም።» ከዚያ ሳቀ። ማልቀስ አማረኝ። «ኔሪ፣ እኔ አልተቀየምኩም። ቤቴ ተቀምጬ ከምረሳ እዚያ ብረሳ ይሻለኛል። ቢያንስ መብራት አለ፣ ቢያንስ አንቺ አለሽ። ግን አንድ ነገር። ኮራን አትንኪብኝ። የእኔን ሁሉ ውሰጂ። እሷን ተይልኝ።»

«አልነካትም» አልኩት።

«በይ እንግዲህ» አለና ቡና አዘዘልኝ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና አዘዘልኝ። ሁለቱንም ጠጣሁ።

ኦገስት 13

በርካታ ሰው የሚያስታውሰው ክፍል ይሆናል። አምበን ማለዳ ተነስቶ ከወንዙ ወዲያ ማዶ ሟች ሚስቱ ኢሲንግ የቆመች ይመስለዋል። ይጣራል። አትሰማውም። ሉዝ መጥታ እጁን ይዛ ወደ ቤት ትመልሰዋለች። አጭር ነው፤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። በሩቁ ይቀረጽ፣ ፊቱ አይታይ ብዬ ጽፌበታለሁ።

ኢሲንግ ሌላ ሴት ናት። ዓሣ ነጋዴ ናት፣ ወፍራም ናት፣ ጮክ ብላ ነው የምትስቀው። ኮራ አስተማሪ ነበረች።

ኦገስት 18

አውሎ ነፋሱ ገባ። መንገዱ ውሃ ነው፤ መብራት የለም። ታችኛው ደረጃ ላይ የጎረቤት ጫማ ተንሳፍፎ መጣ። ቀረጻው ይቆማል ብዬ አሰብኩ። ማርሎን ግን መልእክት ላከ፦ «አትልፊ፣ እኛ እንሸፍነዋለን። ወንዙ ዛሬ ግሩም ነው።»

ሻማ። ሬዲዮ። ከሰው ጋር ሳልነጋገር ዋልኩ። ማታ የራሴን ድምፅ ለመስማት ስክሪፕቱን ጮክ ብዬ አነበብኩ።

ኦገስት 20

ሻይና ደወለች። እያለቀሰች ስለነበር መጀመሪያ ማን እንደሆነች አላወቅሁም። «አቴ፣ ቢጫ ቀሚስ አለበሱኝ። ጀርባሽን ስጪ፣ ምንም ቢል እንዳትዞሪ አሉኝ። እኔ አላወቅሁም። እውነቴን ነው፣ አላወቅሁም።»

ውሃው ሳይጎድል ጣቢያው ሄድኩ። ኤዲተሩ ዶንግ ምንም ሳይጠይቀኝ ቀረጻውን ከፈተልኝ።

ማርሎን ሲናገር ይሰማል። ቀስ ብሎ፣ በአክብሮት፣ ልክ ለገዛ አባቱ እንደሚናገር። «ኩያ፣ ያችው ኮራ። ማዶ ቆማለች። እየጠበቀችዎት ነው።» ያን ቀን ማላቦን ላይ ስሟን ሲሰማ ነው የገባው። ኢሲንግ ብሎ የጻፈው እኔን ዝም ለማሰኘት ነበር።

ከወንዙ ወዲያ ቢጫ ቀሚስና ጃንጥላ። ኩያ ሩፊኖ ይጣራል። መጀመሪያ በደስታ ነው። ከዚያ እንዳልሰማችው አስቦ ከፍ ያደርጋል። ከዚያ ይለምናል። «ኮራ፣ ምን አደረግሁሽ? ኮራ፣ ዙሪልኝ።» ድምፁ እስኪዘጋ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ፣ ጎን ለጎን አስተካክሎ ውሃው ውስጥ ገባ። እስከ ወገቡ። ካሜራው ቀረበ፤ ፊቱ ድረስ ቀረበ። እኔ በሩቁ ነበር ያልኩት። መጨረሻ ላይ ሻይና ጃንጥላውን ወርውራ «አቁሙት! ያዙት!» ስትል ይሰማል።

ዶንግ መብራቱን አላበራውም። «ሃያ ዓመት እዚህ ቤት ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም፣ አቴ» አለኝ። እኔም አላየሁም። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን በመጀመሪያ ያሰብኩት ያንን ነው። በመጀመሪያ ያሰብኩት ግሩም ነው ብዬ ነው።

ከዚያ ሎርና ጋ ደወልኩ። ትኩሳት ይዞታል። «ቃል ገብተሽልኝ ነበር» ብላ ዘጋችው።

ኦገስት 21

ካርላ ቢሮ።

«አየር ላይ አይወጣም» አልኳት።

በሩን ዘጋች። ትጮሃለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። «እናቴ ስሜን ሳታውቅ ነው የሞተችው» አለችኝ። «ለማንም ነግሬ አላውቅም። ያንን ቀረጻ ሳየው እዚህ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስንት ሰው እንዲህ እንደሚሆን ታውቂያለሽ? አንቺ ነሽ ሁልጊዜ እውነት፣ እውነት የምትዪው። ይኸው እውነት። ወተትም የለበትም፤ ጥፊም የለበትም።»

«ሚስትህ ማዶ ቆማለች ብላችሁ አታለላችሁት። እውነቱ የቱ ጋ ነው?»

«ማዶ ቆማ እሱ እንዲጣራ የጻፍሽው አንቺ ነሽ።»

«ኢሲንግ ናት እኔ የጻፍኳት!»

«አቴ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ኢሲንግ ማን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን።»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ሒሳቧን ነገረችኝ። ስፖንሰሩ ሊሄድ ነው። ሲሄድ ድራማው ይዘጋል፤ መብራት የሚይዙት፣ ሜካፕ የሚሠሩት፣ ልጆቹ፣ ሁሉም። የወንዙ ቀረጻ ወይም ወተቱ፤ አንዱ ያስፈልጋታል። ወተቱን ሌላ ሰው ይጻፈው ብትልም ስፖንሰሩ አልተቀበላትም፤ የፈለጉት በጋዜጣ የተወደሰችውን ጸሐፊ ነው፤ ስሜ ከወተቱ አጠገብ እንዲሆን።

«ከጻፍኩት ቀረጻው ይጠፋል?»

«አይታይም።»

«አይታይም አላልኩም። ይጠፋል? እኔ ቆሜ እያየሁ?»

ብዙ ጊዜ አሰበች። ያንን ነገር የምር ወዳዋለች፤ ያ ነው የከበደኝ። «ይጠፋል» አለች።

ኦገስት 23

ዶንግ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ዞሮ አየኝ። «እርግጠኛ ነሽ? በዚህ ቤት ከተቀረጸው ሁሉ...»

«አጥፋው።»

አጠፋው። ቅጂውንም አጠፋው። ማርሎን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «የጥበብ ሰው ትመስይኝ ነበር» ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ ተቀምጬ ወተቱን ጻፍኩ። ቶሎ አለቀ። ክፉ ነገር እንዲህ ቶሎ እንደሚጻፍ አላውቅም ነበር።

ኦገስት 28

ሁሉንም ስነግራት ሎርና ቤታቸው በረንዳ ላይ ብቻ እንዲቀረጽ ፈቀደች። ማርሎን እንዳይመጣ፣ እኔ ከጎኑ እንዳልለይ። ትኩሳቱ ለቆታል፤ ስለ ወንዙ ምንም አያስታውስም። «ለምን ጉሮሮዬን እንደሚያመኝ አላውቅም» አለኝ። ብርድ ነው አልኩት።

ካሜራው ሥር ተንበርክኬ ቃሉን እየነገርኩት ቀረጽን። ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሉዝ» አለ፤ «አንቺ ነሽ?» ሻይና አለቀሰች። ስፖንሰሮቹ አጨበጨቡ። ቆርቆሮው መስኮቱ ላይ፣ ፀሐይ ስላልነበረ በመብራት።

ሴፕቴምበር 2

ታየ።

ሴፕቴምበር 3

ስልኬን ዘጋሁ። ሰው ሁሉ ቀልድ እየሠራ ነው። «አማቴ ዕዳዋን ረስታለች፤ አንድ ብርጭቆ ላኩልኝ» የሚለው በጣም ተሰራጭቷል። ያ ጋዜጠኛ ደግሞ «ዝምታዋ ዋጋ እስኪወጣለት ነበር» ብሎ ጻፈ። የቀድሞውን ከማቀዝቀዣው ላይ አነሳሁት።

ከልጆቹ አንዱ፣ ያኔ «ከየት ነው የምታመጪው» ያለኝ፣ መልቀቂያ አስገባ። «ካንቺ ልማር ነበር የመጣሁት» አለኝ። ጥሩ ልጅ ነው። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ? ከወንዙ ልጀምር? አንድ ሰው ካወቀ ያወራዋል። መልካም ዕድል ተመኘሁለት።

ልጄ ደወለ። «እማ፣ ወተቱን አየሁት!» ብሎ ሳቀ። ሳቅሁለት።

ወተቱ ሱቅ ላይ አለቀ አሉ።

ሴፕቴምበር 7

«ማዶ» ሊያልቅ ነው፤ ካርላ ለሚቀጥለው ድራማ እንድጀምር ትፈልጋለች። «አሁን ተግባባን» አለችኝ። ሻይና ብቻ ናት ኮሪደሩ ላይ አቁማ እጄን የያዘችኝ። ምንም አላለችም። የምታውቅ ይመስለኛል።

ሴፕቴምበር 13

ሎርና ነገ ኩያን ወንድሙ ጋ፣ በሌላ ደሴት ወዳለችው ኢሎይሎ ትወስደዋለች። ልሰናበተው ሄድኩ። ሻንጣው ሳሎን ቆሟል። እሱ ተላጭቶ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ተቀምጧል። ዓይኑን ሳይ ዛሬ ሙሉ በሙሉ እዚህ እንዳለ ገባኝ። ደስ አለኝ።

«ተቀመጪ» አለኝ። ፈገግ አላለም። «አየሁት። ሎርና ሳትዘጋው ትናንት ሲደገም አየሁት።»

«ምኑን ኩያ?»

«ምኑን ትያለሽ? ወተቱን ነዋ!» ጉልበቱን መታ። «ሰው እንዲህ አይመለስም፣ ኔሪ። አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ደግሞ ከማንም በላይ አውቃለሁ። እኔን መሃል አስቀምጠሽ፣ የእኔን ፊት ይዘሽ፣ ለዚያ ሁሉ ሰው ዋሸሽ። ነገ ስንቱ ልጅ ነው ለእናቱ ይህን አጠጥቶ አፍ አፏን የሚያየው?»

እኔ ለወጣቶቹ የተናገርኩትን ቃል ነበር የሚነግረኝ።

«አስገደዱሽ?» አለ። ድምፁ ትንሽ ለዘብ አለ። መውጫ እየሰጠኝ ነው። «ካስገደዱሽ ንገሪኝ።»

ሎርና ሳህን ይዛ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። አየችኝ። ልነግረው እችል ነበር። ግን ብነግረው ወንዙን መንገር ነው። በእሱ ዘንድ ኮራ የሞተችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አልጋዋ ላይ፣ እጇን ይዟት። ያኛውን፣ ጀርባዋን ሰጥታ የቆመችውን፣ አያውቃትም።

«አላስገደዱኝም» አልኩት።

«ታዲያ?»

«ቁጥር ፈለግሁ።»

ዝም አለ። ብዙ ዝምታውን አውቃለሁ፤ ይህን አላውቀውም ነበር።

«አንቺም?» አለ በመጨረሻ።

«እኔም።»

«አንቺ የጻፍሽልኝን ስንት ዓመት ስናገር ኖርኩ። አንድ ቀን አፍሬ አላውቅም።»

«አውቃለሁ፣ ኩያ።»

«አሁን አፈርኩ።»

ከመቀመጫው አልተነሳም። እጄን ስዘረጋለት ጨበጠኝ፤ ለማያውቀው ሰው እንደሚጨብጥ፣ በጨዋነት። «በሰላም ግቢ» አለኝ።

በሩ ድረስ የሸኘችኝ ሎርና ናት። እያለቀሰች ነበር። «ልንገረው» አለችኝ። «ቢያንስ አንቺ ምን እንዳደረግሽለት ይወቅ። እንደተቀየመሽ አይሂድ።»

«ተይው» አልኳት። «ይቀየመኝ። አልሰማሽውም ዛሬ? ያን ሁሉ ሲቆጣኝ አንድም ቃል አልጠፋበትም።»